ኤምቢኤ ወይስ ሰርተፊኬሽን? ጅማ ላይ ሆናችሁ እንዴት እንደምትወስኑ

ፈረንጅ አራዳ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ለመሰማማት እንኳ መጮህ ነበረብን። የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አወጣችና ሁለት ማስታወቂያ አሳየችኝ። አንዱ የቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ምዝገባ ነው፤ ሌላው የስድስት ወር የኔትወርክ ሥልጠና። «የትኛው ይሻለኛል? ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል» አለችኝ። ምን ሥራ ላይ መድረስ እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ብርጭቆዋን እያዟዟረች ቆየች። «እሱን እንኳ አላሰብኩትም» አለች።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። እኔ ጅማ ውስጥ በአይቲ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሰርተፊኬሽኑን፣ ማለትም በፈተና የሚገኘውን የሙያ ማረጋገጫ፣ ራሴ ተፈትኜ ይዣለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሥራዋን ሳትለቅ ኤምቢኤ ጨርሳለች፤ የቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) መጠይቋን ከጅማ መርካቶ እስከ አጂፕ ሰፈር በየሱቁ አብሬያት ሳድል ከርሜያለሁ። ስለዚህ የሁለቱንም ድካም አውቀዋለሁ። ከታች የምጽፈው ለዚያች ባልደረባዬ በሥርዓት ማለት የነበረብኝን ነው።

1. ከሥራ ማስታወቂያ ጀምሩ፣ ከትምህርት ማስታወቂያ አይደለም

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ የለጠፈውን ያያል፣ ይጓጓል፣ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ነው ለወረቀቱ ሥራ የሚፈልግለት። እናንተ ገልብጡት።

አንድ ደብተር ግዙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ልትቀመጡበት የምትፈልጉትን ወንበር ስም ከላይ ጻፉ፤ ለምሳሌ «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ»፣ «የፋይናንስ ኃላፊ»፣ «የኔትወርክ አስተዳዳሪ»። ከዚያ ለዚያ ሥራ የወጡ ሃያ ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ። የረቡዕና የእሁድ ሪፖርተር ጋዜጣ አለ፣ አዲስ ዘመን አለ፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች አሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰሌዳም አለ። የቆየ ማስታወቂያ ቢሆንም ችግር የለውም፤ የምትፈልጉት ቀጣሪው ምን እንደሚጠይቅ ነው እንጂ አሁኑኑ ልታመለክቱ አይደለም።

ደብተሩ ላይ አራት መስመር አስምሩ፦ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ተጨማሪ ሥልጠና፣ የሥራ ቦታ። ሃያውን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር በደንብ አስተውሉ። ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። ይህ ማለት ማስተርሱ እዚያ በር ላይ የሚገዛላችሁ ሁለት ዓመት ነው። አሁን አራት ዓመት ልምድ ካላችሁ፣ እየሠራችሁ ብትማሩ ከሁለት ዓመት በኋላ በስድስት ዓመት ልምድና በማስተርስ ትገባላችሁ፤ ባትማሩ አራት ዓመት ትጠብቃላችሁ። እዚህ ላይ ማስተርሱ ዋጋ አለው። አሁን ሰባት ዓመት ካላችሁ ግን? አንድ ዓመት ብትታገሡ በመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ብቻ ትወዳደራላችሁ። ማስተርሱ ገና ሳያልቅ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህችን ስሌት ሳይሠሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያቸውን የሰጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ደግሞ «ከምረቃ በኋላ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። አንዳንዱ ማስታወቂያ ልምዱ ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ የተገኘ ይሁን ይላል። እንደዚያ ከሆነ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

2. በሩ ላይ ማን እንደቆመ እዩ

ለእኔ የውሳኔው እምብርት ይህ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። አንዳንዱ በር ላይ የቆመው ወረቀት የሚያይ ሰው ነው፤ የሰው ሀብት ክፍል፣ ኮሚቴ፣ የነጥብ ሠንጠረዥ። ሌላው በር ላይ የቆመው እጃችሁን የሚያይ ሰው ነው፤ «እስቲ ይህን ስዊች (የኔትወርክ ማገናኛ ዕቃ) አስተካክል» የሚል መሐንዲስ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ወረቀት የሚያየው ሰው ነው ያለው። የሥራ መደቡ ደረጃ ወጥቶለታል፤ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃና ዓመት ተጽፏል። የሲስኮን፣ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን ኩባንያ፣ ሰርተፊኬሽን ይዛችሁ ብትሄዱ ጎበዝ ናችሁ ይሏችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነጥብ የሚሰጥበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። ባንክ ውስጥም ወደ ኃላፊነት መውጣት ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ዲግሪ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ከፈለጋችሁማ ማስተርስ በአብዛኛው የግድ ነው።

የቴሌኮም፣ የሶፍትዌር ድርጅት፣ የአይቲ ኮንትራክተር፣ ከውጭ በርቀት የሚያሠራ ቀጣሪ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በቃለ መጠይቁ ላይ ኬብል ወይም ኪቦርድ ነው የሚቀርብላችሁ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበት ገበያ ሁለተኛ ቀጣሪ አገኘ። የውጭ ባንኮችም እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ጸድቋል። እነዚህ ቦታዎች ላይ የምትሠሩትን ማሳየት ይጠበቅባችኋል።

አሁን ስለ ከተማችን በግልጽ ልናገር። ጅማ ውስጥ ትልልቆቹ ቀጣሪዎች ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሎቹ፣ የመንግሥት ቢሮዎችና ባንኮች ናቸው። ስለዚህ «ከጅማ አልወጣም፣ ልጆቼ እዚህ ናቸው፣ እናቴም እዚህ ናት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋፈጠው ወረቀት የሚያየውን በር ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ወይም ከቤቱ ሆኖ ለሩቅ ቀጣሪ ለመሥራት ያሰበ ሰው ደግሞ እጅ የሚታይበት በር ይበዛበታል። የት መኖር እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ የትምህርቱን ጥያቄ መመለስ አትችሉም። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛም ቤት ውስጥ ለሦስት ወር ተከራክረንበታል።

3. ሰርተፍኬትና ሰርተፊኬሽን አንድ አይደሉም

አጭር ናት፣ ግን ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ሥልጠና ተከታትላችሁ ስትጨርሱ የሚሰጣችሁ ወረቀት የተሳትፎ ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፊኬሽን የሚባለው ሥልጠናውን ያልሰጣችሁ አካል ፈትኗችሁ፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በቁጥሩ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ማሠልጠኛው «ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት እንሰጣለን» ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፈተናውን የሚያወጣው ማነው? የፈተናው ክፍያ በሥልጠናው ዋጋ ውስጥ አለ? ቀጣሪ የት ገብቶ ያረጋግጣል? ሦስቱን በቀጥታ ካልመለሱላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በኤምቢኤውም በኩል ማጣራት አለ። የግል ኮሌጅ ከሆነ እውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። እውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ ተፈቅዶለታል ማለት እናንተ የምትማሩበት ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

4. የትኛው ሰርተፊኬሽን?

ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም። በአካባቢዬ ሰዎች ሲጠይቁ የምሰማቸውን ብቻ ላንሳ።

ኔትወርክ ላይ ላላችሁ ሲሲኤንኤ የሚባለው የሲስኮ ሰርተፊኬሽን መነሻው ነው። አንድ ፈተና ነው፣ 120 ደቂቃ፣ ክፍያው 300 ዶላር፣ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት። ለልምምድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የሲስኮ ማስመሰያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ራውተርና ስዊች እየጎተታችሁ ሙሉ ኔትወርክ ትዘረጋላችሁ። አንዴ ካወረዳችሁት ከኮኔክሽን ጋር ብዙም ጉዳይ የላችሁም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ማታም ይሠራል። ለመሞከር ብቻ ከሆነ የአማዞን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) የመነሻ ፈተና 100 ዶላር ነው። የማይክሮሶፍቶቹ የሙያ ሰርተፊኬሽኖች በአብዛኛው በየዓመቱ ይታደሳሉ፣ ማደሻው ግን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ነው።

ፕሮጀክት ላይ ለምትሠሩ ፒኤምፒ የሚባለው የፕሮጀክት አመራር ሰርተፊኬሽን አለ። ለጀማሪ አይሆንም። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ማሳየት አለበት። ካለፋችሁ በኋላም በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይጠበቅባችኋል። በእርዳታ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ስሙን ታዩታላችሁ።

አካውንቲንግ ላይ ያላችሁ ደግሞ ኤሲሲኤን፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ፣ ሳታስቡ ኤምቢኤ ውስጥ አትግቡ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲያዘጋጁ ካስገደደ ወዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው። ፈተናዎቹ 13 ናቸው፤ የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ግን ከመጀመሪያዎቹ የተወሰኑትን ሊዘልላቸው ይችላል። ረጅም ነው፣ ያደክማል። ከኤምቢኤ አያንስም ብዬ ግን በድፍረት እናገራለሁ።

ጅማ ስላለን ቡናን ሳላነሳ አላልፍም። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ በኩል ቡና ላይ የምትሠሩ ወጣቶች «ኤምቢኤ ይሻለኛል?» ስትሉ እኔ መጀመሪያ የማስበው ኪው ግሬደርን ነው። ቡና ቀምሶ ነጥብ የሚሰጥ ባለሙያ ማለት ነው፤ ፈተናው ምላስና አፍንጫን ነው የሚፈትነው፣ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ገዢው ከውጭ ሲመጣ አብሮት ከስኒው የሚያነጋግረው ሰው ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ምርት እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ ደግሞ ተግባራዊነቱ ሲራዘም ቢቆይም ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ስለዚህ የገበሬውን ማሳ በጂፒኤስ ለክቶ ካርታ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው አሁን ሥራ አለው። የቡና ማጠቢያ የምታስተዳድሩ፣ በቀይ ቡና ለቀማ ሰሞን ብድሩን፣ ግዢውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ መኪናውን በአንድ ጊዜ የምትይዙ ከሆነ ግን እዚያ ኤምቢኤ በቀጥታ ይረዳችኋል። የምትማሩት ፋይናንስና ኦፕሬሽን የራሳችሁ የየቀን ጭንቀት ነውና።

5. ሂሳቡን በወረቀት ላይ አውጡት

ገጹን ለሁለት ክፈሉት።

በኤምቢኤው በኩል፦ የአንድ ክሬዲት ሰዓት ክፍያ ሲባዛ በጠቅላላው ክሬዲት፣ በየሴሚስተሩ የምዝገባ ክፍያ፣ የአማካሪና የዲፌንስ (ጥናቱን ቀርቦ የመከላከያ) ክፍያ ካለ፣ የመጠይቅ ማባዣ፣ ማስጠረዣ፣ የባጃጅ። ከዚያ የሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁድ። በእነዚያ ቀናት ትርፍ ሥራ ትሠሩ ከነበረ የሚቀረውን ገቢ ጨምሩበት።

በሰርተፊኬሽኑ በኩል፦ የፈተናው ዶላር፣ ብትወድቁ እንደገና ሙሉ ክፍያ፣ ፓስፖርት፣ ወደ አዲስ አበባ ትራንስፖርትና አልጋ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማደሻ። ዶላሩን በዛሬ ምንዛሪ አስሉት። ከሐምሌ 2016 በፊት 300 ዶላር በባንክ ዋጋ 17,000 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዓምና የሰማችሁት ዋጋ ዘንድሮ አይሠራም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ባንካችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚከፍል ካርድ ይሰጣችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህ ነገር ለእኔ ከጥናቱ በላይ ጊዜ ወስዶብኛል።

የአከፋፈሉ ልዩነትም ቀላል አይደለም። ማስተርሱ በሴሚስተር ስለሚከፈል እቁብ ገብቶ ማስኬድ ይቻላል። ፈተናው ግን በአንዴ ነው የሚፈልገው።

መሥሪያ ቤታችሁ «እኔ ላስተምርህ» ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ውሉን ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ከተመረቃችሁ በኋላ ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ብትለቁ የምትመልሱት ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን? ዋስ የሚሆናችሁ ማነው? ዋስ የሆነላችሁን አጎታችሁን ዕዳ ውስጥ ከትታችሁ የተሻለ ሥራ ብታገኙ ደስታ የለውም።

6. ከመክፈላችሁ በፊት አራት ሳምንት ሞክሩት

አንድ ብር ሳታወጡ። ለሰርተፊኬሽኑ፦ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በነፃ የሚሰጣቸው የመነሻ ኮርሶች አሉ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአንድሮይድ በነፃ ያስተምራል። በሳምንት ስምንት ሰዓት ቀን ቆርጣችሁ አጥኑ። ለኤምቢኤው፦ የተማረ ሰው የፋይናንስና የስታቲስቲክስ ሃንድአውት ተዋሱና በዚያው ሰዓት አንብቡ፤ ከቻላችሁም አንድ የቆየ ቴሲስ ከላይብረሪ አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት።

ልብ ማለት ያለባችሁ ደክሟችሁ ስትመጡ የትኛውን ለመክፈት እጃችሁ እንደሚሄድ ነው። እኔ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፓኬት ትሬሰር ስከፍት ድካሜን እረሳዋለሁ። ባለቤቴ ያንን ስክሪን ስታይ ዓይኗን ታሻለች፤ የአንድ ሱቅ የሂሳብ መዝገብ ብትሰጧት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ትቀመጣለች። አራት ሳምንት ያልዘለቀ ነገር ሁለት ዓመት አይዘልቅም።

7. የጅማን ሁኔታ አስቀድማችሁ አስቡበት

የሰርተፊኬሽኑን ፈተና ከቤት ሆኖ በካሜራ መፈተን ይቻላል። እኔም የመጀመሪያውን እንደዚያ ነው የሞከርኩት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ተዋስኩ፣ ጠረጴዛውን ባዶ አደረግኩ፣ ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን ሳይቀር አነሳሁ። ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ልጆቹ አያታቸው ጋ ሄዱ። አርባኛው ደቂቃ አካባቢ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ራውተሩን ያዘልኝ፤ ግን የሰፈሩ ኢንተርኔት ራሱ አብሮ ጠፋ። ስልኬ ላይ ዳታ ሞልቼ አስቀምጬ ነበር፤ ስልክ ማንሳት ደግሞ ክልክል ነው። ተቀምጬ የቆመውን ስክሪን እያየሁ ያለፉት ደቂቃዎች እስካሁን ትዝ ይሉኛል። በኋላ ስንጻጻፍ ቆይተን ሌላ ቀን ተሰጠኝ።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ሄጄ በፈተና ጣቢያ ተፈተንኩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመናኸሪያ በሌሊት ተነስቶ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ወልቂጤን አልፎ ከሰዓት በኋላ መድረስ ነው። በደረሳችሁበት ቀን አትፈተኑ፤ አንድ ሌሊት ተኙ። ወጪው ይጨምራል፣ ግን አእምሮ ያርፋል። የምክሬ ምክር ይህ ነው፦ ከጅማ ከሆናችሁ የጣቢያ ፈተና ምረጡ።

ስማችሁን ስትመዘገቡ በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ ቅጹ ደግሞ ሁለት ሣጥን ብቻ ይሰጣል። ፓስፖርቱ የትኛውን የት እንዳስቀመጠ አይታችሁ ያንኑ ድገሙ። አንድ ፊደል ቢለያይ በር ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ።

ኤምቢኤውን የመረጣችሁ ደግሞ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚባለውን፣ አትርሱ። ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማስተርስ ለመግባት እሱን ማለፍ ግድ ነው፣ በመንግሥትም በግልም። ከተመረቀ ቆየት ያለ ሰው የሂሳብና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎቹን ለመለማመድ ቢያንስ ሁለት ወር ይስጥ።

ባልደረባዬ ዓርብ አልተመዘገበችም። ደብተሩን ገዛችና ሃያውን ማስታወቂያ ሞላች፤ የምትፈልገው የፋይናንስ ኃላፊነት እንደሆነና ከጅማ መውጣትም እንደማትፈልግ ያኔ ነው ለራሷ የነገረችው። ኤምቢኤውን መረጠች። አሁን ለጋት እያጠናች ነው። ከጥናቱ ይልቅ ያስቸገራት ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ሆነ፤ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንዲልክላት የኮስት ሼሪንግ ዕዳዋን መጨረስ ነበረባት። እናንተም ምዝገባ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ ይህን በዚህ ሳምንት ጀምሩት።